ሲፒ ያለበትን ልጅ ቤት ውስጥ እርምጃ ማለማመድ፦ ለወላጆች የአሠራር መመሪያ

ሴሬብራል ፓልሲ፣ በወላጆች አፍ ሲፒ፣ ያለበትን ልጅ እርምጃ ለማስተማር ብዙ ቤት ውስጥ የሚደረገው አንድ ዓይነት ነው። ሁለት እጁን ወደ ላይ ይዞ መሳብ፣ "ና የኔ አንበሳ፣ ና" እያሉ ማስኬድ። ልጁ በእግሩ ጣቶች ጫፍ ይቆማል። እግሮቹ እንደ መቀስ ይተላለፋሉ። ሦስት አራት እርምጃ ይሄዳል፣ ቤተሰቡ ያጨበጭባል። ደስታው ይገባኛል። ግን ክብደቱን የተሸከመው የእናቱ ክንድ ነው። እጁ ወደ ላይ በተሳበ ቁጥር ሰውነቱ ይበልጥ ይወጠራል፣ ተረከዙ ከመሬት ይነሳል፣ ሚዛኑን መጠበቅም አይለምድም።

እዚህ የምጽፈው ሁሉ በአንድ ሐሳብ ዙሪያ ነው። ልጁ ራሱ ይሥራ፤ የእኛ እጅ ዝቅ ይበል፣ ቀስ በቀስም ይቀንስ። መራመድ የሚለመደው በመነሳት፣ በመቆም፣ ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው በማዛወርና በመራመድ ነው። ተኝቶ መታሸት ልጁን ዘና ሊያደርገው ይችላል፤ እርምጃ ግን አያስተምረውም።

ሲፒ የእግር በሽታ አይደለም። ገና በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። ምጥ ላይ አየር ማጠር፣ ያለጊዜ መወለድ፣ ሳይታከም የቆየ ከባድ የጨቅላ ሕፃን ቢጫነት፣ ማጅራት ገትር ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። የአንጎሉ ጉዳት እየባሰ አይሄድም። ሰውነት ግን አንድ ቦታ ላይ አይቆምም። አጥንት ያድጋል፣ የተወጠረ ጡንቻ ግን በዚያው ልክ አይረዝምም። ትናንት መሬት ይነካ የነበረ ተረከዝ ልጁ ቁመት በጨመረበት ዓመት ከመሬት ሊነሳ የሚችለው ለዚህ ነው። ልምምዱን ሳያቋርጡ መቀጠል የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

መጀመሪያ የፊዚዮቴራፒ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና) ባለሙያ ልጁን ይየው። ልጁን በዓይኑ ሳያይ የትኛው ልምምድ እንደሚስማማው ሊናገር የሚችል ሰው የለም። አዲስ አበባ ላይ እንደ ጥቁር አንበሳ ያሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች የፊዚዮቴራፒ ክፍል አላቸው። ጎንደርም የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አገልግሎቱን ይሰጣል፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። መናገሻ ያለው ቼሻየር የአካል ጉዳት ላለባቸው ልጆች ለብዙ ዓመታት ሲሠራ የኖረ ተቋም ነው። የአጥንትና የጅማት ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ደግሞ ኪዩር ኢትዮጵያ የሕፃናት ሆስፒታል አለ። እንደ ባሕር ዳር፣ ደሴና አርባ ምንጭ ባሉ ከተሞች የእግር ድጋፍና ሰው ሠራሽ አካል የሚሠሩ ማዕከላት ይገኛሉ።

እዚያ ስትሄዱ ሳትጠይቁ እንዳትመለሱ የምላችሁ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው የልጁ ደረጃ ነው። ካናዳ ውስጥ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጡትና ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራበት ባለ 5 ደረጃ መለኪያ አለ። ደረጃ 1 ላይ ያለ ልጅ ያለ ድጋፍ ይራመዳል፣ የፎቅ ደረጃም ይወጣል፤ ፍጥነትና ሚዛን ላይ ነው የሚቸገረው። ደረጃ 2 ይራመዳል፣ ግን ረጅም መንገድና ወጣ ገባ መሬት ይከብደዋል፣ ደረጃ ሲወጣ መደገፊያ ይይዛል። ደረጃ 3 በዎከር (እየያዘ በሚራመድበት የብረት መደገፊያ) ወይም በክራንች ይሄዳል። ደረጃ 4 ለአብዛኛው ጉዞ ዊልቸር ይፈልጋል፣ በሰው ድጋፍ ጥቂት ሊራመድ ይችላል። ደረጃ 5 ጭንቅላቱንና ወገቡን መቆጣጠርም የሚከብደው ልጅ ነው። ይህን ማወቅ ለልጁ የሚሆነውን ግብ ለመያዝ ይረዳል። ደረጃ 2 ላይ ላለ ልጅ ግቡ ብቻውን ጓሮ መድረስ ሊሆን ይችላል። ደረጃ 4 ላይ ላለው ግን ከአልጋ ወደ ወንበር ሲዛወር በእግሩ ቆሞ መርዳቱ ትልቅ ድል ነው።

ሁለተኛው ዳሌው ነው። ሲፒ ካለባቸው ልጆች ከሦስቱ በአንዱ ገደማ የዳሌ አጥንት ከቦታው ቀስ እያለ ይንሸራተታል። መራመድ በማይችሉት ላይ ደግሞ ይብሳል። መጀመሪያ ላይ ላያም ይችላል፣ በዓይንም አይታይም። የሚያሳየው ራጅ ነው። "የዳሌ ራጅ መቼ ይነሳ? በስንት ጊዜው ይደገም?" ብላችሁ ጠይቁ።

ወጌሻ ጋ ስለመውሰድም ልናገር። የተወጠረን ጅማት በኃይል መጎተትና መጫን ለእነዚህ ልጆች አደገኛ ነው። ብዙ ያልቆመ ልጅ አጥንቱ ስስ ስለሚሆን በቀላሉ ይሰበራል። ፀበል የምትወስዱ ወላጆች ውሰዱ፤ ልምምዱና የሚጥል በሽታ መድኃኒት ካለው መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ።

ቤቱን ማዘጋጀት

ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ልጁ ሲቀመጥ እግሩ ሙሉ በሙሉ መሬት የሚነካበት ዱካ ወይም በርጩማ፣ የማይንሸራተት ወለል፣ ልጁ የሚወደው መጫወቻ፣ አንድ መደብ ወይም ሶፋ ይበቃል። ሴራሚክ ላይ በካልሲ ብቻ አይቁም፣ ይወድቃል። ነጠላ ጫማ አይሆንም፤ እግሩን ይዞ የሚያስር፣ ተረከዙ ጠንከር ያለ ሸራ ጫማ ይሻላል። ወለሉ ደረቅና ንጹሕ ከሆነ ቤት ውስጥ በባዶ እግር ቢለማመድም ጥሩ ነው። ባለሙያው የፕላስቲክ የእግር ድጋፍ አዞለት ከሆነ ግን እሱን አድርጎ ይራመድ።

ድጋፉን ስታደርጉለት መጀመሪያ እጥፋት የሌለው ካልሲ አልብሱት። ጉልበቱን አጥፉ፣ ተረከዙን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ግፉ፣ ከዚያ የቁርጭምጭሚቱን ማሰሪያ አስቀድማችሁ እሰሩ። ተረከዙ ሳይገባ ማሰሪያው ቢጠብቅ ድጋፉ ሥራውን አይሠራም። ስታወልቁ ቆዳውን እዩ። በ20 ወይም በ30 ደቂቃ ውስጥ የማይጠፋ ቅላት ካለ ድጋፉ ጠቦታል ማለት ነው፤ እስኪስተካከል አታድርጉለት።

የቡና ከሰል፣ የፈላ ውኃና ምድጃ ከአካባቢው ይራቁ። ይህን ሳልደግመው አላልፍም። ሚዛኑን እየተማረ ያለ ልጅ መውደቁ አይቀርም፤ የሚወድቅበት ቦታ ግን በእኛ እጅ ነው።

ሰዓቱንም ምረጡ። የራበው፣ እንቅልፍ የመጣበት ወይም የታመመ ልጅ አይማርም። ጠዋት ከቁርስ በኋላ ትንሽ ቆይቶ፣ ወይም ከሰዓት ከእንቅልፉ ሲነሳ ጥሩ ነው።

ጡንቻውን ማፍታታት

ይህ ክፍል አጭር ይሁን፤ 10 ደቂቃ ይበቃል። ሰውነቱ ለሚወጠርበት ልጅ ነው የሚጠቅመው። ሰውነቱ ልፍስፍስ ለሆነ ወይም ሳያዘው ለሚንቀሳቀስ ልጅ ባለሙያው ካላዘዘ እለፉት።

ለባቱ፣ ልጁን በጀርባው አስተኙት፣ ጉልበቱ ቀጥ ይበል። ተረከዙን በመዳፋችሁ ሙሉ ጨብጡ። ውስጥ እግሩ የእናንተ ክንድ ላይ ይረፍ። አሁን ተረከዙን ወደ ራሳችሁ ጎትቱ፣ በዚያው ክንዳችሁን ዘንበል አድርጋችሁ እግሩን ወደ ልጁ ፊት ግፉ። የጣቶቹን ሥር ብቻ ይዛችሁ አትግፉ። እንዲህ ከሆነ የእግሩ መሐል ይታጠፋል እንጂ ባቱ አይሳብም፤ እግሩም ቀስ በቀስ ቅርጹን ያጣል። መወጠሩ ሲሰማችሁ እዚያው ቁሙ። ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ያዙ፣ ልቀቁ፣ ሦስት አራት ጊዜ ድገሙ። ፈጥናችሁ ከሳባችሁ ጡንቻው መልሶ ይወጠራል። ልጁ ካለቀሰ አብዝታችኋል።

ለብሽሽቱ፣ ጉልበቶቹን አጥፋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ጎንና ጎን ክፈቱ። ትንንሽ ልጆችን በአንቀልባ ማዘል በራሱ ይረዳል፤ እግሮቹ በወገባችሁ ግራና ቀኝ ተከፍተው ይቆያሉ። የጥንቱ አስተዛዘል እዚህ ላይ ሥራ ይሠራል።

ለቋንጃው፣ እግሮቹን ዘርግቶ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥ፣ ተረት ንገሩት ወይም ሥዕል ያሳዩት። ጉልበቱን በእጃችሁ አትጫኑ። ሁለት ጉልበቱን ወደ ፊት፣ ሁለት እግሩን ወደ ጎንና ኋላ አድርጎ መቀመጥ የሚወድ ልጅ ካለ፣ እንደዚያ ለረጅም ሰዓት ባይቀመጥ ይሻላል። ብዙ ልጆች ሚዛን ስለሚሰጣቸው ይመርጡታል፤ በዱካ መቀመጥን አለማምዱት።

ከመቀመጥ መነሳት

ከሁሉም ልምምድ አንዱን ብቻ መርጣችሁ ሥሩ ብትሉኝ ይሄንን እመርጣለሁ። ጭንን፣ መቀመጫንና ባትን በአንድ ጊዜ ያጠነክራል። ቀን ሙሉም የሚደረግ ነገር ነው።

ልጁ ዱካ ላይ ይቀመጥ። ጭኑ ከመሬት ጋር ትይዩ ይሁን ወይም መቀመጫው ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ ይበል፤ ለጀማሪ ከፍ ያለው ይቀላል። እግሮቹን ወደ ኋላ ሳቡለት፣ ተረከዙ ከጉልበቱ ትንሽ ኋላ ይሁን። ሁለቱ እግሮች በትከሻው ስፋት ይራራቁ። እናንተ ፊት ለፊቱ ዝቅ ያለ ነገር ላይ ተቀመጡ።

አሁን ወሳኙ ነገር። ልጆች ለመነሳት ወደ ኋላ ተወጥረው ይገፋሉ፣ ዱካውም ይገለበጣል። መነሳት ግን የሚጀምረው ጎንበስ በማለት ነው። መጫወቻውን ከፊቱ፣ ከጉልበቱ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ። ሊይዘው ጎንበስ ሲል አፍንጫው ከእግሩ ጣቶች በላይ ይደርሳል። ያኔ መጫወቻውን ወደ ላይ አንሱት። መቀመጫው ከዱካው ይነሳል። ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ከገቡ ሁለት እጃችሁን ከጉልበቶቹ በውስጥ በኩል አድርጉና ወደ ውጪ ምሩት። ተረከዙ ከተነሳ መዳፋችሁን ጉልበቱ ላይ አሳርፋችሁ ወደ ታችና ወደ ኋላ፣ በተረከዙ አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ ጫኑ። ብብቱን አትያዙ፤ ከብብት ሥር የተያዘ ልጅ መንጠልጠል ነው የሚማረው።

ሲቀመጥም እንደዚያው ቀስ ይበል። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" እያላችሁ አብራችሁ ቁጠሩ። ዘጭ ብሎ ከተቀመጠ የልምምዱ ግማሽ ጠፋ።

ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይነሳ፣ ይረፍ፣ ሁለት ሦስት ዙር ይድገም። ሲቀለው ዱካውን ዝቅ አድርጉ። እሱም ሲቀለው ከባለሙያው ጋር ተነጋግራችሁ ጀርባው ላይ በምታዝሉት ቦርሳ ውስጥ ግማሽ ሊትር ውኃ የሞላ ፕላስቲክ ማስገባት ይቻላል። ያ ግማሽ ኪሎ ነው። ጡንቻን ለማጠንከር የሚሠራው ይህን መሰሉ ልምምድ በሳምንት 3 ቀን፣ በመሐል አንድ አንድ ቀን እያረፈ ቢሆን ጥሩ ነው።

መቆምና ክብደትን ማዛወር

አንድ እግር እርምጃ እንዲያነሳ ሌላው እግር ሙሉውን ሰውነት መሸከም አለበት። ብዙ ወላጅ "እግሩን አያነሳም" ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የማይነሳው እግር ላይ ሳይሆን መሬት ላይ የቀረው እግር ላይ ነው።

ልጁን ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ አቁሙት፣ ከፊቱ ጠረጴዛ ወይም ወንበር ይሁን። የጠረጴዛው ከፍታ ከደረቱ በታች ይሁን፤ ደረቱን ከተደገፈበት እግሩ ሥራ ይፈታል። ጠረጴዛው በግራ በኩል የለስላሳ ቆርኪዎች፣ በቀኝ በኩል ጣሳ አስቀምጡ። ቆርኪውን አንስቶ ጣሳው ውስጥ ይጨምራል፣ ኳ ይላል። በየጊዜው ጣሳውን ትንሽ ራቅ አድርጉት። ሲንጠራራ ክብደቱ ወደ ቀኝ እግሩ ይሄዳል። ከዚያ ቦታውን ቀያይሩ። ዕቃ አፉ ውስጥ ለሚከት ልጅ ቆርኪው ይቅርና ተለቅ ያለ ነገር ይሁን።

ይህ ሲለመድ አንድ እግሩን ዝቅ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ ወፍራም መጽሐፍ ላይ አስቀምጡለትና በሌላው እግሩ ቆሞ ይጫወት። እግሩን ቀይሩ። በሽባነቱ አንድ ጎኑ ብቻ የተጎዳ ልጅ ጤነኛው እግሩ ላይ ብቻ መቆም ስለሚወድ፣ ደካማው መሬት ላይ የሚቀርበትን ጊዜ አብዙት።

ብቻውን መቆም ለማይችል ልጅ ባለሙያው የመቆሚያ ማሽን ወይም ሳጥን ሊያዝ ይችላል። አናጢም ይሠራዋል፤ ልኬቱን ግን ባለሙያው ይስጠው።

በመደቡ ዳር

የጭቃ ቤት መደብ ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስለኛል። ረጅም ነው፣ አይነቃነቅም፣ ከፍታው ለትንሽ ልጅ ልክ ነው። ሶፋም ይሆናል። ልጁ መደቡን ይዞ ቆሞ፣ እናንተ የሚወደውን ነገር አንድ ክንድ ያህል አርቃችሁ አስቀምጡ። ወደ ጎን ይሂድ። መጀመሪያ እጁ ይሄዳል፣ ከዚያ አንዱ እግር ይከፈታል፣ ሌላው ይከተላል። ወደ ጎን መራመድ ዳሌን በጎን በኩል ያጠነክራል፤ ሲራመድ ዳሌው እንዲወድቅ የሚያደርገው የዚያ ጡንቻ ድክመት ነው። እግሮቹ ለሚተላለፉበት ልጅም መክፈትን ያስተምረዋል። በግራም በቀኝም ይሂድ።

ሲደርስ ደግሞ ማዶ ያለ ወንበር አቅርቡ። ከመደቡ ወደ ወንበሩ ዞሮ ይሻገር። በየቀኑ ክፍተቱን በአንድ ጣት ስፋት ብታሰፉት አንድ ቀን እጁን ለቆ ይሻገራል። ያን ቀን አትጩሁ፣ ይደነግጣል። "ጎሽ የኔ ጌታ" በሉትና ድገሙት።

ሁለት እንጨት

ግቢ ካላችሁ የራሳችሁን መደገፊያ መሥራት ትችላላችሁ። ሁለት ቀጥ ያሉ ቀርከሃዎች ወይም የባሕር ዛፍ አጣናዎች ርዝመታቸው 3 ሜትር ያህል ይሁን። አራት ማዕዘን ላይ አራት ቋሚዎች ግማሽ ሜትር ያህል ጠልቀው ይተከሉ፣ መሬቱ ይጠቅጠቅ። ልጁን በጫማው አቁማችሁ ክንዱን ወደ ታች አውርዱ፤ እንጨቱ የእጁ አንጓ የሚደርስበት ላይ ይሁን። ሲይዘው ክርኑ ትንሽ ብቻ ይታጠፋል። ከፍ ካለ በክንዱ ይንጠለጠላል፣ ዝቅ ካለ ይጎብጣል። በሁለቱ እንጨቶች መሐል ያለው ስፋት ከልጁ ዳሌ በግራና በቀኝ አራት ጣት ያህል ይበልጥ። ልጡ ተልጦ፣ ስንጥር እንዳይወጋው ጨርቅ ይጠቅለልበት። ልጅ ስለሚያድግ እንጨቱን በሚስማር ሳይሆን በገመድ ብታስሩት ከፍ ለማድረግ ይመቻል።

እናንተ ከኋላው ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ሁለት እጃችሁ ዳሌው ላይ ይሁን። አውራ ጣታችሁ ከኋላ፣ ሌሎቹ ከፊት። ቀኝ እግሩ እንዲነሳ ዳሌውን ትንሽ ወደ ግራ ምሩት፣ ክብደቱ ግራው ላይ እስኪያርፍ ጠብቁ። ጠብቁ ያልኩትን አስምሩበት። የእነዚህ ልጆች አንጎል መልእክቱን ለማድረስ ጊዜ ይፈልጋል። እኛ ቸኩለን እግሩን በእጃችን ስናነሳለት ሊጀምር ያለውን ሥራ እናቋርጥበታለን። እስከ 10 ቁጠሩ። ካልመጣ ያኔ ከጉልበቱ ጀርባ በትንሹ ንኩት።

እግሮቹ ለሚተላለፉበት ልጅ መሐል መስመር ላይ ቀጭን ገመድ ዘርጉ ወይም በኖራ መስመር አስምሩ፤ ግራው በግራ፣ ቀኙ በቀኝ ይራመድ። ደረጃ 3 ላይ ያለች የ5 ዓመት ልጅ ብትሆን መጀመሪያ አንድ ጊዜ ሄዳ መመለስ ሊያደክማት ይችላል። ይበቃታል። ጫፍ ላይ ወንበር ይጠብቃት፣ ትረፍ፣ ደግማ ትመለስ። አጭር ሆኖ የተደጋገመ ይሻላል። ወደ ፊት ሲለመድ ወደ ኋላም ትሂድ፤ ወደ ኋላ መራመድ ጉልበትንና ዳሌን ለመዘርጋት ይረዳል።

ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ ኮሪደሩ ራሱ ይጠቅማል፤ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላው በኩል የእናንተ ጎን። ጎረቤት ምን ይላል ብላችሁ በር አትዝጉበት። የሰው መሐል መለማመድ ለልጁም ደስታ ነው።

ዎከርና የሚገፋ ነገር

ገበያ ላይ የሚሸጠው፣ ልጁ መሐሉ ተቀምጦ የሚንከባለልበት ቤቢ ዎከር ለዚህ አይሆንም። ልጁ በጣቱ ጫፍ እየገፋ ይሄዳል፣ ያንኑ ልናስተወው የምንለፋበትን ልማድ ያጠነክራል። ደረጃ ላይ ደርሶ ይወድቃልም። ካናዳ በ2004 እ.ኤ.አ. ሽያጩን ሙሉ በሙሉ ከልክላለች፤ ያም ለጤነኛ ሕፃናት ሲባል ነው።

ሲፒ ላለበት ልጅ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ከኋላው የሚጎትተው ዎከር ነው። ከፊት የሚገፋው ወደ ፊት ያጎብጠዋል። ከኋላ ያለው ቀጥ እንዲል ያግዘዋል። በልኬት ከሆነ ብየዳ ቤት ከቱቦላሬ ሊሠራ ይችላል፤ የመያዣው ከፍታ እንደ እንጨቱ ነው፣ የእጅ አንጓ ልክ። ኋላ ጎማዎቹ ወደ ኋላ እንዳይሽከረከሩ መያዣ ይኑራቸው።

እስከዚያው የለስላሳ ሳጥን ውስጥ ክብደት ጨምራችሁ ለስላሳ ወለል ላይ ይግፋ። ባዶ ከሆነ ያመልጠዋል። በጣም ከከበደም ይጎብጣል። ገፍቶ ወጥ ቤት ድረስ ሽንኩርት ያድርስ፤ ሥራ ተሰጥቶት የሚራመድ ልጅ "ተራመድ" ከተባለው ይልቅ ብዙ ይሄዳል።

ነፃ እርምጃ

ሲጀምር የምትይዙት ዳሌውን ነው። ሲሻሻል የሱሪውን ወገብ ወይም ወገቡ ላይ የታሰረ ነጠላ ከኋላ ያዙ፤ ሲወድቅ ለመያዝ ብቻ እንጂ ለመሳብ አይሁን። እጅ ለእጅ መያዝ ከፈለጋችሁ እጁ ከትከሻው በታች ይሁን። ከፊቱ ቆማችሁ አጭር ዱላ ሁለታችሁም አግድም ያዙ፤ ዱላው ዝቅ ብሎ በወገቡ ልክ ይሁን። በኋላ ዱላውን ልቀቁለት፣ እሱ ይዞት ይሂድ።

በቤት ውስጥ ከተለመደ በኋላ ሳር፣ አሸዋ፣ ትንሽ ዳገት ይቅመስ። መሬት ላይ የመጥረጊያ እንጨት አጋድማችሁ ይሻገር። ደረጃ ሲወጣ መጀመሪያ ጠንካራው እግር፣ ሲወርድ መጀመሪያ ደካማው። ለማጠንከር ስትሉ ደግሞ አንድ ደረጃ ላይ ብቻ፣ ይዛችሁት፣ በደካማው እግር ይውጣ። ኳስ መምታት የአንድ እግር ሚዛን ልምምድ ነው፤ የሰፈር ልጆችን ጥሩና በረኛም ቢሆን ይግባ።

መውደቅንም ተለማመዱ። ፍራሽ ላይ ተንበርክኮ እጁን ዘርግቶ ወደ ፊት ይውደቅ፣ ይሳቅ። ከዚያ እንዴት እንደሚነሳ አሳዩት፤ በአራት እግሩ፣ አንድ ጉልበት ፊት፣ ወንበር ይዞ።

በቀን ምን ያህል?

አንድ ሰዓት በአንድ ጊዜ ከማስጨነቅ 10 ወይም 15 ደቂቃ ሦስት አራት ጊዜ ይሻላል። ከሁሉም የሚሻለው በቀኑ ውሎ ውስጥ ማስገባት ነው። ጥርሱን ቆሞ ይፋቅ ወይም ይቦርሽ። ምሳ ለመብላት ከዱካው ተነስቶ እጁን ለመታጠብ ይሂድ። ከአልጋ ወደ ሳሎን ተሸክማችሁ የምትወስዱትን መንገድ የመጨረሻውን ጥቂት እርምጃ በእግሩ ይጨርስ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ጨምሩ። አዎ፣ ጊዜ ይወስዳል። እናቶች ላይ ያለውን ጫና አውቃለሁ፤ ስለዚህ አባትም፣ ታላቅ እህትም፣ አያትም አያያዙን ይልመዱ። እንደዚህ ዓይነት ልጅ በአንድ ሰው ጀርባ ብቻ አያድግም።

እናንተም ወገባችሁን ጠብቁ። ቆማችሁ ከመጎንበስ ዝቅ ያለ ዱካ ላይ ተቀምጣችሁ ሥሩ።

ምግቡንም አትርሱ። የተወጠረ ሰውነት ጉልበት ይጨርሳል፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮ፣ ዘይት ያለበት ገንፎ ይብላ። ሲበላ የሚያንቀው ወይም ክብደት የማይጨምር ልጅ ሐኪም ይየው። ያልበላ ጡንቻ አይጠነክርም።

ልምምዱን አቁማችሁ ሐኪም ጋ የምትሄዱበት

ዳሌው ወይም ብሽሽቱ ላይ ሕመም ካለ፣ የሽንት ጨርቅ ስትቀይሩለት እግሩን ሲከፍቱት ካለቀሰ፣ አንዱ እግር ካጠረ፣ ወይም አንዱ ከሌላው ያነሰ ከተከፈተ። እግሩ ካበጠና ከሞቀ። የሚጥል በሽታው ከጨመረ ወይም አዲስ ከጀመረ። ትኩሳት ካለው ደግሞ እስኪሻለው ይረፍ።

አንድ ነገር ለብቻው ይታይ። ይችለው የነበረውን ነገር እየረሳ የሚሄድ ልጅ፣ ለምሳሌ ይቀመጥ የነበረ መቀመጥ ካቃተው፣ "ሲፒ ነው" ተብሎ አይታለፍ። ሲፒ እንደዚያ አያደርግም፤ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ይመርመር።

ተረከዙ ልምምድም ድጋፍም ተደርጎለት መሬት የማይነካ ከሆነ የተወጠረ ጡንቻን ለጊዜው የሚያላላ ቦቶክስ መርፌ፣ በየሳምንቱ የሚቀየር ጀሶ ወይም ጅማት የማርዘም ቀዶ ሕክምና አማራጮች ናቸው። ከዚያ በኋላ ልምምዱ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ጡንቻው በተለቀቀበት ጊዜ ካልተጠናከረ የተገኘው ይጠፋል።

ደረጃ 4 እና 5 ላይ ላሉ ልጆች ዊልቸር ስለመጠቀም የሚጨነቁ ወላጆች አሉ፤ "ከለመደው አይራመድም" ይላሉ። እውነት አይደለም። ዊልቸሩ ትምህርት ቤት ያደርሰዋል። እዚያ ደርሶ ጉልበት የተረፈው ልጅ ቤት ሲመለስ ይለማመዳል። ጠዋት ሁለት ኪሎ ሜትር በጀርባ የተሸከሙትን ልጅ ማታ "ተነስ፣ ተራመድ" ማለት ለእናትም ለልጅም ግፍ ነው።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ ስልካችሁን ተጠቀሙ። በየወሩ አንድ ጊዜ ቁምጣ አልብሳችሁ ሲራመድ ቅረጹት፤ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን። ስልኩን በልጁ ጉልበትና ወገብ መሐል ባለው ከፍታ ያዙት፣ ተረከዙ እንዲታይ። አንዴ በድጋፉ፣ አንዴ በባዶ እግሩ ይሁን። ባለሙያው ልጁን በቀጠሮ የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ያውም ደክሞትና ፈርቶ። ቤት ውስጥ የተቀረጸው ቪዲዮ ትክክለኛውን እርምጃ ያሳየዋል፣ ድጋፉን ለማስተካከልም ለቀጣዩ ልምምድም መነሻ ይሆነዋል።